ስለ ተነሣው አግዳሚ ወንበር ለሕንፃችን ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለጉልበትዎ፣ ሊፍቱ መተኛት ከጀመረ ወዲህ ሁላችንም ስለ ጉልበት እናስባለንና። እኔ አምስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ የምኖረው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በአካል ላገኝዎት ስላልቻልኩ ነው። ቤት ሊገዙ የሚመጡ ሰዎችን ሲያስጎበኙ እንደሚውሉ ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

የመሃል ከተማ ኮንዶሚኒየም ተፈላጊነት ከዕለት ወደ ዕለት መጨመሩን የምክድ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ በእግር ይደረሳል፣ ገበያው ከደጃችን፣ ሐኪሙ ከመንገዱ ማዶ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴን ከለመደችው ግቢ አውጥቼ ያመጣኋት፣ ሁሉ ነገር ከደጅሽ ይሆናል ብዬ የለመንኳትም እኔው ነኝ። ስለዚህ የምጽፍልዎ ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው።

፩ኛ. ስለ ሊፍቱ። ገዢ በሚመጣበት እሑድ ማለዳ ተነሥቶ የሚሠራ፣ ገዢው ሲሄድ ደግሞ እስከ ሳምንቱ የሚያርፍ እንግዳ አክባሪ ማሽን ስላገኙልን እናመሰግናለን። እናቴ በመጣች ሰሞን በሩ ተከፍቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲላት፣ ሰው መስሏት «እንኳን ደህና ቆየህ» ብላ ትመልስለት ነበር። ያኔ ስቄባታለሁ።

፪ኛ. ስለ ጣሪያው አትክልት ስፍራ። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ጥላና ጠረጴዛ እንዳለው አይተናል፤ ቁልፉ ግን ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

፫ኛ. ስለ አግዳሚው ወንበር። ከመግቢያው አጠገብ የነበረውን ያን አሮጌ እንጨት ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ከሦስተኛ ፎቁ ጡረተኛ መምህርና ከልብስ ሰፊው ሚስት ጋር ተዋወቀች። አንድ ማታ እራት ላይ ስለ ልብስ ሰፊው ሚስት ምራት ክፋት ስታወራልኝ አመሸች፤ እኔም እናቴ ሐሜት ጀመረች ብዬ ደስ አለኝ፣ ሰው አግኝታለች ማለት ነውና። እርስዎ ግን አሮጊቶች መግቢያው ላይ ተኮልኩለው መታየታቸው ለገዢ ዓይን እንደማይስብ በስብሰባ አስረዱን። አግዳሚው ተነሣ። በቦታው የፕላስቲክ ዛፍ ቆመ፤ ከዛፉም በላይ መቀመጥና መሰብሰብ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዛፉ ከእናቴ በተሻለ ዝም ማለት ስለሚችል ምርጫዎን አደንቃለሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ መውረድ ተወች። ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ሥር ቆማ ታች የሚያልፈውን መኪና ስትመለከት አገኛታለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያለች ያሳደገችኝ ሴት፣ አሁን ግድግዳ የምንጋራው ሰው ሲያስነጥስ ትሰማለች እንጂ መልኩን አታውቀውም። በቀደም እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ቤትሽ ምንም አልጎደለውም፤ እኔን ነው ሰው የጎደለኝ። ወደ ወንድምሽ ውሰጂኝ።»

ወንድሜ የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ ዝናብ ሲጥል መኪና በማይገባበት መንደር ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምሰጣትም እኔ ነኝ። እዚያ ብትታመም ማን ይደርስላታል? ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ በጨዋ ደንብ የምጽፍበት ትዕግሥቴም እያለቀ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ልትሄድ ዕቃዋን ሸክፋለች። አግዳሚው እስከ ዓርብ ቢመለስ፣ ትቀር ዘንድ የምለምንበት አንድ ነገር በእጄ ይኖረኛል። ከእርስዎ የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

በእርስዎ አመራር ቁጭ ማለትን የረሳሁ፣ ደረጃ በመውጣትም እግሬ የጠናልኝ፣ እርስዎ ዘጠነኛ ፎቅ እኔ አምስተኛ ነኝና ሁልጊዜም ከበታችዎ የምገኝ፣

አክባሪ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እናቴን እንደ ምንም ለምኜ ይዣት ወረድኩ። መቀመጫ ስላልነበረ ደረጃው ላይ አረፍ ብላ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ከላይ ከወረዱ አንዲት እናት ጋር ጨዋታ ጀምራ ነበር፤ ጥበቃው ግን በማስታወቂያዎ መሠረት ሁለቱንም አስነሣቸው። ሴትዮዋ በዚህ ወር ከአገር ቤት ልጃቸው ዘንድ ዘጠነኛ ፎቅ እንደመጡ፣ ልጃቸውም ቤት ሲያስጎበኝ ስለሚውል ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን እንደሚቀመጡ አጫወቱን። ለእርስዎ እንዳልነግር አደራ ብለውኝ ነበርና፣ አደራ በመብላቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እናትዎ ቅዳሜ በምንሄድበት መኪና ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቀውኛል።