አሥራ ሁለቱ ጭምብሎች ስልሳ የሆኑበት ቀን

ለነዳጅ ማጣሪያዎች ደህንነት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤንነት፣ መስኮቱ በደንብ በሚዘጋ ቢሮ ውስጥ ንጹሕ አየር እየሳቡ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከማጣሪያው አጥር ሥር የምንኖረው እኛም ደህና ነን፤ ሳላችንም እንደተለመደው ደህና ነው።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክቡርነትዎን ለማስቸገር ዕድሜዬም ማዕረጌም እንደማይፈቅድልኝ አውቃለሁ። ነገር ግን መሥሪያ ቤትዎ ከሁለት ወር በፊት ስለሞተው ታላቅ ወንድሜ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እርሱን ብቻ እንዲሰርዙልኝ ልለምንዎ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሟች በክፍል ሁለት ተዘጋጅተው ከነበሩት አሥራ ሁለት የመተንፈሻ ጭምብሎች አንዱን ባለማድረጉ፣ በራሱ ቸልተኝነት ሕይወቱ አልፏል።» ከልመናዬ በፊት ግን ለዋላችሁልን ውለታ በተራ ቁጥር ማመስገን ይገባኛል።

1ኛ፦ ተቆጣጣሪዎ ለጉብኝት ከመምጣታቸው አሥር ቀን ቀድመው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ክፍሎቹን የሚያዩበትን ቅደም ተከተል በደብዳቤ ስለሚያሳውቁ እናመሰግናለን። ያልተጠረገ ቤት ለባለቤቱም ለእንግዳውም ያሳፍራል። ወንድሜ በማጣሪያው የደህንነት ዕቃዎች ግምጃ ቤት ረዳት ስለነበር መጥረጉ የእርሱ ድርሻ ነበር። ማጣሪያው አምስት ክፍሎች አሉት። ደንባችሁ በየክፍሉ አሥራ ሁለት፣ በድምሩ ስልሳ ጭምብል ይኑር ይላል፤ በጀርባ የሚታዘል የአየር ጠርሙስ ያላቸውን ማለቴ ነው፤ ጋዝ ሲያፈተልክ ያለ እነርሱ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ከተነፈሰ ሦስተኛው የለውም። በማጣሪያው ውስጥ የሚሠሩት ግን በጠቅላላው አሥራ ሁለት ነበሩ። የቀሩት «ታዘዋል፣ በመንገድ ላይ ናቸው» ከተባለ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መንገዱ ሩቅ መሆን አለበት።

2ኛ፦ ተቆጣጣሪዎ ሻይ ስለሚወዱ እናመሰግናለን። እያንዳንዱን ክፍል ቆጥረው ከፈረሙ በኋላ በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ አንድ ሲኒ ሻይ በብስኩት ሳይቀምሱ ወደሚቀጥለው አያልፉም። ሻዩ እስኪጠጣ ወንድሜ አሥራ ሁለቱን ጭምብሎች በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ በነዳጅ ታንከሮቹ ጀርባ ሮጦ፣ መለያቸውን ቀይሮ በሚቀጥለው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቅላቸዋል። የሥራ ባልደረቦቹ በዚህ ምክንያት «ንፋሱ» ይሉት ነበር። ማታ እናታችን እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሳቸው በእግር፣ እኔ በጋሪ፤ አንድም ቀን ቀድመውኝ አያውቁም» ሲለኝ፣ ሳቄን ለማፈን ትራስ እነክስ ነበር።

3ኛ፦ ለእኔ በግል ስለተደረገልኝ አድናቆት አመሰግናለሁ። ስልሳዎቹን መለያዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ብሎ ወንድሜ ካርዶቹን ቤት አመጣልኝ፤ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ወደ ጎን ገፍቼ «ክፍል አንድ፣ ቁጥር አንድ» ብዬ ጀመርኩና «ክፍል አምስት፣ ቁጥር አሥራ ሁለት» ብዬ ጨረስኩ። ተቆጣጣሪዎ በጉብኝት ሪፖርታቸው «የመለያዎቹ አጻጻፍ ለሌሎች ማጣሪያዎች አርአያ ይሆናል» ብለዋል። በትምህርት ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ሙገሳ አግኝቼ አላውቅም።

4ኛ፦ ስለ ማኅተሙ። ቆጠራው በክፍል አምስት ሲያበቃ ተቆጣጣሪዎ የቁም ሣጥኑን በር ዘግተው፣ ማንም እንዳይነካካው ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉበት። አሥራ ሁለቱም እዚያው ታሸጉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በክፍል ሁለት የፓምፕ መጋጠሚያ ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞች ጋዙ ውስጥ ወደቁ። ወንድሜ ደረሰ። በሩ ላይ የነበረ በያጅ ጭምብል አድርግ ብሎ ጮኸበት። ወንድሜ ወደ ቁም ሣጥኑ ዞር እንኳ አላለም፤ «የለም። ትናንት እኔው ነኝ ያነሣሁት» አለው። ከክፍል ሁለት እስከ አምስት በጋሪ ደርሶ ለመመለስ ዘጠኝ ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሸሚዙን አውልቆ ውኃ ውስጥ ነክሮ አፍና አፍንጫውን አሰረበትና ገባ። አንዱን ጎትቶ አወጣ። ለሁለተኛው ተመለሰ። እርሱም ሁለተኛውም አልወጡም።

5ኛ፦ ሳይረኑ። ቁልፉ ያለው በሥራ አስኪያጁ ኪስ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እዚሁ ያደሩትን ተቆጣጣሪዎን ሊሸኙ ሄደው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አስከሬኖቹ ከወጡ በኋላ በሚገባ ጮኸ።

ክቡር ሆይ፣ ሪፖርታችሁን ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ዘጠነኛውን ገጽ ልዘለው አስቤ ነበር፤ ግን አጠገቤ ተቀምጣ መስመሩን በጣቷ ትከተል ነበር። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቅሶ ለሚደርስ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ እኮ ከቤት ሲወጣ የምድጃውን ጋዝ ሁለቴ ነክቶ የሚያረጋግጥ ነበር። አንዲት ጭምብል ማድረግ ምን አቃተው?» እኔ መልሱን አውቃለሁ። ስድስት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ «ውኃ ልቅዳልሽ?» ብያት ተነሥቻለሁ።

ወደ መሥሪያ ቤትዎም ሄጃለሁ። በአራተኛው መስኮት ያሉት ሠራተኛ «የኔ ወንድም» እያሉ በትሕትና አስተናገዱኝ። በሪፖርት ላይ ቅሬታ የሚያቀርበው ባለጉዳዩ ራሱ፣ በአካል ቀርቦ ነው አሉኝ። ባለጉዳዩ ሞቷል ብላቸው በጣም አዘኑ፤ እንግዲያው አሳዳጊህ ይምጣ አሉ። አባታችን ከሞተ ወዲህ በፍርድ ቤት የተመዘገበው አሳዳጊዬ ወንድሜ ነበር። እርሳቸውም የቅሬታውን ቅጽ ወደ እኔ፣ እኔም ወደ እርሳቸው ስንገፋፋ ሰዓቱ ደረሰና መስኮቱ ተዘጋ። በያጁም እንዳይመሰክር ሦስት ልጆች አሉት፤ ሥራውም እዚያው ማጣሪያ ውስጥ ነው። አልፈርድበትም።

ዓረፍተ ነገሩን ለመሰረዝ ስልሳዎቹ ጭምብሎች አሥራ ሁለት እንደነበሩ ማመን እንደሚኖርብዎ ይገባኛል፤ ከባድ ነው። ስለዚህ ሸክሙን ላቅልልዎ። ወንድሜ ጥፋት የለበትም አልልም፤ ጋሪውን ገፍቷል። እኔም ጽፌያለሁ። ልታስሩኝ ትችላላችሁ። ጭምብል ነበረው ግን አላደረገም የምትለዋን ግን ተዉልኝ። አልነበረውም። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ከመላኬ በፊት የማነበው ለእናቴ ነው፤ ከእናንተ ባይሆን ከእርሷ መልስ አገኝ ይሆናል።

የሚቆጥሩት ሁሉ በቦታው እንዲገኝልዎ እየተመኘሁ፣ ወደር የሌለውን አክብሮቴን በእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

የሟች ታናሽ ወንድም፣
የስልሳዎቹ መለያዎች ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ የሚቀጥለው ጉብኝት ደብዳቤ ማጣሪያው ዘንድ መድረሱን ሰምቻለሁ። በወንድሜ ቦታ የተተካው ረዳት ባለፈው እሑድ ባዶ ካርዶች ይዞ ቤታችን መጥቶ ነበር። እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ይዟቸው ተመልሷል፤ ራሱ ሊጽፋቸው ነው። ጽሕፈቱ እንደ እኔ አያምርምና ተቆጣጣሪዎ ቅር እንዳይሰኙበት አደራ እላለሁ። ገና አዲስ ስለሆነ ጋሪውንም እንደ ንፋሱ አያበረውም፤ ሻዩን ቀስ ብለው ይጠጡለት።