ቀጠሮ አለዎት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው እንዴ? ተመርቆ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ራሱን ሳይጠይቅ አይቀርም። የኔ ቀን ዛሬ ሆነ። ተንበርክኬ ከወለል ላይ ማስቲካ ስፍቅ...

ክፍሌ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ናት። በሩ ላይ "የንግድና የቢሮ ሥራ" ተብሎ ተጽፏል፤ ቀለሙ ግማሹ ለቋል። የተመዘገቡት ተማሪዎች ሰባት። ሰባት! ግን ምን ቸገረኝ... ስንቱ ቢሮ በሰባት ሰው ይሠራ የለ?

ማታ ወንድሜ ከጋራዡ ሲመለስ ምን እንደማስተምር ጠየቀኝ። ደብዳቤ መጻፍ፣ ፋይል ማደራጀት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ እንግዳ መቀበል፣ ስልክ ማንሳት...

"ስልክ ማንሳት?" ሳቁ ሻዩን አስደፋው። "እንዲህማ ከሆነ እኔም መተኛት ላስተምር!"

እናቴ ቀና ሳትል፣ "አንተ እንኳን ልታስተምር ተምረህም አልጨረስክ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ስልኮች አገኘሁ። ሽቦ የላቸውም። ሽቦ ምን ያደርጋል? ክፍሉን ቢሮ አደረግነው። በሩ ጋ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሥር ለሚጠብቁ ሰዎች ወንበር። መሥሪያ ቤታችን ምን እንደሚሸጥ ግን አልተስማማንም። ግማሹ ጃንጥላ ይላል፣ ግማሹ ብስኩት። ለጊዜው "ድርጅቱ" ነው የምንለው።

እንግዳ ተቀባይ ልሁን ያለችው ደወሏ። ድምጿ ስለሚያስተጋባ ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው፤ እሷም ትወደዋለች። ስልኩን አንስታ "ሃሎ! ማነው!" ስትል ከጎን ክፍል የሒሳብ መምህሩ ደንግጦ አንገቱን አስገባ።

"ቲቸር፣ በደንብ እንዲሰማኝ ብዬ እኮ ነው።"

"ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ ነው የያዘው፣ የኔ እናት!"

አንድ ሕግ አወጣሁ። ማንም ይሁን ማን ያለ ቀጠሮ አይገባም። ግን ማንም ቀጠሮ ሳይሰጠው አይመለስም። በአንድ ድምፅ አስደገምኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ቢሯቸው በር ላይ ወላጆች እንደ ወትሮው ተደራርበዋል። ተራ የለ፣ ወረፋ የለ፤ የገፋ ይገባል፣ ያልገፋ "ነገ ይምጡ" ይባላል። ጸሐፊዋ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሁሉም እሷ ላይ ይጮሃል፣ የቱን ትስማ?

እኔም ገፋሁ። ገባሁ።

"አንድ ሙሉ ክፍል ለሰባት ልጅ ይበዛል" አሉኝ። "ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ያንቺም ኮንትራት እስከዚያው ነው።"

"እባክዎ፣ ትንሽ ጊዜ ቢሰጡኝ..."

"ነገ ነይ።"

ለኳስ! ለኳስ ተብሎ ልንነሳ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። ደወሏ ዝም አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ። እንባዬን ያመጣው እሱ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጉድ ፈላ!

ዳይሬክተሩ አናጢ ይዘው መጡ፣ ለመደርደሪያ ሊያስለኩ። እኔ ከኋላ ፋይል እያስተካከልኩ ነበር። ደወሏ ከመቀበያው ብድግ አለች። ድምጿ ለስላሳ... ከየት አመጣችው?

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጡ። ቀጠሮ አለዎት?"

"ምን አልሽ?"

"ቀጠሮ፣ ጌታዬ።"

"እኔ እኮ ዳይሬክተሩ ነኝ!"

"አውቃለሁ ጌታዬ። ማን ልበል ብዬ ያልጠየቅኩዎት ለዚያ ነው።"

አናጢው ሳቁን ሊደብቅ ሜትሩን አፉ ላይ ያዘ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እሳቸውን አይደለም!" ብዬ ልጮህ ነበር... ግን "ማንም ይሁን ማን" ያልኩት እኔ አይደለሁ?

"ሐሙስ አራት ሰዓት ይመችዎታል? አረፍ ብለው መጠበቅ ከፈለጉም ወንበር አለ።"

"እስከ ሐሙስ?" አለ አናጢው።

ዳይሬክተሩ እሷን አዩ፣ ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ። አናጢውን አስከትለው ወጡ።

አለቀልኝ። ወንድሜ ግን ስነግረው ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። "ይቺን ልጅ ለጋራዣችን ስጪን!"

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

መጡ!! አራት ሰዓት ላይ። ብቻቸውን፣ ያለ አናጢ።

"ይግቡ ጌታዬ፣ እየጠበቅንዎት ነበር" አለች ደወሏ።

ተቀመጡ። ሽቦ አልባ ስልኮቻችንን አንድ በአንድ አዩ። "የሚጠብቀኝ ሰው ፈገግ ሲልልኝ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ። "እኔ የማውቀው ተቆጥቶ የሚጠብቀኝን ነው።"

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጸሐፊዋ ትናንት ወልዳለች። ሴት ልጅ! ምትክ አልተላከም። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውጤት ሊያነጋግሯቸው ይመጣሉ።

"ልጆችሽ በጸሐፊዋ ቦታ ሆነው ያን ሳምንት ከተወጡት ክፍሉ የእናንተ ነው። ካልተወጡት አናጢው ይመጣል።"

"በቀጠሮ?" አለች ደወሏ።

ሳቁ። እሳቸው! ጥርሳቸውን አይቼው አላውቅም ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ምሳ አልበላልኝ አለ። ወላጆቹ ቢገፉስ? ልጆቹ ቢደናገጡስ? እናቴ ሰሃኑን መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። "ብዪ። ለሰው ወንበር ስትሰጪው ግማሽ ቁጣው አብሮት ይቀመጣል።"

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ወንበሮቻችንን ተሸክመን ዳይሬክተሩ ቢሮ ደጅ ደረደርን። ኮሪደሩ ከጠዋቱ ጢም ብሏል። አንዲት እናት አልቀመጥም አሉ፣ "ከተቀመጥኩ ትረሱኛላችሁ!" አንድ አባት በክርናቸው በሩን ገፉ። ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። ልጆቼ ወደ ግድግዳው ሲሸሹ አየሁ። ደወሏ ዞራ አየችኝ። በዚያ በለስላሳው ድምጿ ማን ይሰማታል? ራሴን ነቀነቅኩላት... ልቀቂው።

"ወላጆቻችን!!!"

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኮሪደሩ ጸጥ።

ከዚያ ዝግ ብላ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬ እንግዶቻችን ሁላችሁም ዛሬ ትገባላችሁ። መጠበቅ የማይመቸው ሰዓቱን ይንገረን፣ በሰዓቱ ይመለስ።"

አባትየው ክርናቸውን አወረዱ። "ሰዓት ይሰጠኛል? በሉ ሱቄን ከፍቼ ልምጣ።" ሄዱ። በሰዓታቸው መጡ። ገቡ። ሲወጡ ማመን አቅቷቸው በሩን ዞረው አዩት።

እምቢ ያሉት እናትስ? ተራቸው አልፎ ጉዳያቸው ካለቀ በኋላም አልሄዱም። አዲስ የሚመጣውን ሁሉ "ተቀመጥ ልጄ፣ አይረሱህም" ሲሉ ዋሉ።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ብቅ አሉ።

"ጌታዬ፣ አንድ ቀጠሮ ይቀርዎታል።"

ኮቱን መልሰው ሰቀሉት።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሳምንቱን ሙሉ "ነገ ይምጡ" የተባለ ሰው የለም። አንድም!

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ክፍሉ የኛ ነው። እኔም አለሁ፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። በቀጠሮ።

አናጢው ዛሬ ሜትሩን ይዞ መጣ። መደርደሪያ ሊሠራ አይደለም፤ ለደወሏ እውነተኛ የመቀበያ ጠረጴዛ ሊለካ። በር ላይ ቆሞ "ቀጠሮ አለኝ" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ጠረጴዛው የሚቆምበትን ቦታ ላጸዳ ተንበረከክሁ። ማስቲካ! ከየት ነው የሚያመጡት? ስፍቅ፣ ስፍቅ... ያ የጥቅምቱ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። እያንጎራጎርኩ ኖሯል።

በምሳ ሰዓት ቤት ስደውል ወንድሜ አነሳው። "ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?" ከኋላ እናቴ ስትስቅ ይሰማል።

ከመውጣታችን በፊት ከሰባቱ ጋር ማስታወቂያ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን። ቃሉን ያወጣችው ደወሏ ናት፤ እኔ አንድ ፊደል አልነካሁም።

"የሁለተኛ ሴሚስተር ምዝገባ ተጀምሯል። ድርጅታችን ጃንጥላ ይሽጥ ወይስ ብስኩት? እስካሁን አልተስማማንም። ሐሳብ ያላችሁ ግቡና ንገሩን፣ ወንበር አለ። ለዚህ ሳምንት ብቻ... ያለ ቀጠሮ!"