ለፈትያ ደጋን ስንመርጥ

ሙሜ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አላህ ይዘንልህና፣ ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቄህ ብቻ አይደለም፤ ተቆጥቼህም ነው። ሰው ሞቶ እንኳ አርፎ አይቀመጥም እንዴ አቦ!

ቤቱ ያው ነው። የጓሮው የኒም ዛፍ ጣሪያውን አልፏል። ስኳር አሁንም በቀበሌ ሰልፍ ነው። የባቡር ቱታህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ትከሻው ላይ ጠብቦትም አያወልቀውም። ፈትያችን አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፣ በቁመት እኔን ጥላኝ ሄዳለች። ከእኔ የወሰደችው ግትርነቴን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያንተ ነው። ደጋኑም ጭምር።

ግሪካዊው ጎረቤታችን አገር ለቆ ሲሄድ የተወልህን ማለቴ ነው፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ የተቆለመሙትን። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ገለባ የሞላ ጆንያ አቁመህ ቀስት ስትወረውርበት፣ እኔና እሷ ሎሚ እየመጠጥን እናይህ ነበር። ስጠኝ ብላ ስታለቅስ ገና ነሽ ትላታለህ። ደጋን በጉልበት አይመረጥም፤ ስበሽ ይዘሽ ከቁርአኑ ፋቲሃን በቀስታ ቀርተሽ እስክትጨርሺ ክንድሽ ካልተንቀጠቀጠ፣ ያ ደጋን ያንቺ ነው፤ ያለ ቀስት ባዶውን ደግሞ እንዳትለቂው፣ ይሰበራል ትላታለህ። በእንጨት ስታለማምዳት፣ ክርኗ በወረደ ቁጥር በሁለት ጣትህ ከሥር ቀና ታደርግላት ነበር። እንዴት እወድህ እንደነበር!

ወባው ከወሰደህ በኋላ ደጋንህን ማንንም ሳታስፈቅድ አወረደችው። የቀበሌው ጎረምሶች ሞክረውት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመለሱትን፣ ይቺ ቀጫጫ ልጅ ሳበችው። ደግሞ ሰዓቱ! ድሬ በሯን ዘግታ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ፣ በቀትር ኒሙ ሥር ትቆማለች። የቀትር ጋኔን ይመታሻል ብላት አትሰማም።

አንድ ቀን ውሃ ይዤላት ወጣሁ። ደጋኑን እስከ አገጯ ስባ ቆማለች፤ ክንዷ ንቅንቅ አይልም። ነፋስ የለም። ከክርኗ ሥር፣ እጅጌዋ ላይ፣ ጨርቁ በሁለት ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ የሁለት ጣት ያህል። ያ ረቢ! በዚያ ሙቀት በረዶ ሆንኩ። በይ ፋቲሃ ቅሪ አልኳት። ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች። አባዬ ዝም በይ አለኝ አለች።

ከዚያ ወዲህ እህል ሸሸች። ትከሻዋ በለዘ። ስጠራት የምትመልሰው ቆይታ ነው። አንድ ቀን ምሳዋን እየገፋች፣ አባዬ ያለበት ሙቀት የለም አለችኝ፤ ልክ ልትሄድበት ጓዟን እንደሸከፈች ሰው። ያኔ ገባኝ ሙሜ። ልጄን እየወሰድክብኝ ነበር። ናፍቀሃት ይሆናል፣ አውቃለሁ። ግን እኔስ? እኔስ ከማን ጋር ልቅር?

የከፍተኛ አስተዳደራችን የቀስት ውድድር መድረሱ ሰበብ ሆነኝና፣ ያንተን ትታ ሌላ ደጋን እንድትመርጥ ወጣቶች ማኅበር ዕቃ ቤት ወሰድኳት። ዕቃ ቤት ጠባቂው ጓድ አየለ ቁመቷን አየና፣ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ከመጡት ደጋኖች ሁለት አወረደላት። አንዱ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደረቅ። ዓይኗ እሱ ላይ ተተከለ፤ ስትስበው ግን ቢስሚላሂ ብላ ሳትጨርስ ክንዷ ተርገፈገፈ። ሁለተኛው ነጭ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ቀላል ነው። ይሄማ የሕፃን ነው ብላ ስታኮርፍ ጓድ አየለ ሳቀ። ወላሂ ሳትሞክሪው ከዚህ አንወጣም አልኳት።

ነጩን ሳበች። ሁለቱ ጉድጓዶች እጅጌዋ ላይ መጡ። ጓድ አየለም አያቸው መሰለኝ፣ ሳቁ ጠፋ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ፋቲሃን ጀመርኩ፤ እሷም ተከተለችኝ። መሃሉ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ተያዘ። አላቋረጥኩም። ለካ ደጋን መፈተኛ ያልከው ለሞተ ሰው የሚቀራውን ነው፤ ከተቀበርክ ጀምሮ ደግሞ እሷ አንድም ቀን አልጨረሰችልህም። ቅሪለት፣ ለአባትሽ ነው አልኳት። ዕንባዋ እየወረደ ቀጠለች። ክርስቲያኑ ጓድ አየለ ኮፍያውን አወለቀ። አሚን ስንል ጨርቁ ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ጉድጓዶቹ ጠፉ። ክንዷ ግን እንደቆመ ነው። ራሷ ይዛዋለች።

አውታሩን ቀስ ብላ መለሰችና ዞር ዞር ብላ አየች። ሄደ እንዴ? አለችኝ። እኔ የፈለግኩት ይህንኑ አይደል? እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ እንደ ቀብርህ ቀን አለቀስኩ።

አሁን ትበላለች። በቀትር እንደ ሰው ትተኛለች። በነጩ ደጋን ውድድሩን አታሸንፍም ይላሉ፤ የራሳቸው ጉዳይ።

ሙሜ፣ ቃሌ ይሄው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ስምህን አነሳለሁ፣ እቀራልሃለሁ። ፈትያ ወልዳ ብታሳየኝ፣ አያታቸው እንዴት ያለ ሳቂታ እንደነበር ለልጆቿ እነግራቸዋለሁ። እስክሞት አልረሳህም። አንተ ግን፣ የኔ ሆድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እርሳን።

ሚስትህ ዘሃራ