ቀብር መስሎኝ የተከተልኩት ጃንጥላ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአይናለም፤ ፍቼ።

እንደምን አለሽልኝ? የአባትሽ ጉልበት ተሻለው ወይ? እናትሽስ፣ ታናሽሽ ናርዲስ፣ ያቺ ሰው የማታስገባ ውሻችሁስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። በእጅሽ ሠርተሽ በጎረቤቴ በእትዬ ሮማን እጅ የላክሽልኝ ጥቁር ሹራብ የግራ እጅጌው ከቀኙ አንድ ስንዝር ይረዝማል። አጎትሽ አንድ እጁ የዝንጀሮ ነው ያለሽ ማን ነው? ስልኬን ስለማታነሺ ክሱን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ውስጡ ያስቀመጥሻትን ብጣሽ ወረቀትም አግኝቻታለሁ። «እማማን ስንሸኛት አልነበርክም፤ እስቲ ይህን እንኳ ልበስላት» ትላለች። ለብሼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በከባድ መኪናዬ ዕቃ ጭኜ ከኦሃዮ እስከ ምሥራቁ ባሕር ጠረፍ ሄጄ ነበር። ተመላሹ ጭነት ለነገ ነው ሲሉኝ፣ ሹራቤን ለብሼ በመርከብ ማዶ ወዳለችው ደሴት ተሻገርኩ። ከተማዋ በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን ለመዝናኛ የተሠራች ናት። ቤቶቿ የእንጨት ናቸው፤ ክፈፋቸው እንደ ቀሚስ ጥለት ተፈልፍሏል፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ ነው። አንቺ ብትሠሪያቸው የግራው ጣሪያ ይረዝም ነበር።

በባሕሩ ዳርቻ ስሄድ፣ ጥቁር ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የያዘች ሴት ከፊት፣ ሃያ የሚሆኑ አዛውንቶች ከኋላ፣ ቀስ ብለው መጡ። ካፊያ ስለነበር ሁሉም ጠቆር ያለ ካፖርት ለብሰዋል፤ ማንም አያወራም። ቀብር መሰለኝ። ቀብር መንገድ ላይ አግኝቶ ጥቂት ሳይሸኙ ማለፍ ደግሞ በእናቴ በእማማ ዘንድ ነውር ነበር። ኮፍያዬን አውልቄ፣ እጄን አጣምሬ ከኋላ ገባሁ። ሴትዮዋ በየደጃፉ እየቆመች በዝግታ ስትናገር፣ የሟቹን የሕይወት ታሪክ የምታሰማ መሰለኝ። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ ዕንባዬ መጣ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ አሮጌ ቤት ይህን ያህል የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም አሉኝ።

ለካስ የእግር ጉብኝት ኖሯል! ሴትዮዋ አስጎብኚ ነበረች። ቲኬትህ የት አለ ስትለኝ፣ እኔ ሟቹ ማን ነበሩ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ስመለስ መርከቡ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ያልሞተ ሰው ግማሽ ከተማ ድረስ የሸኘሁ ሰውዬ እናቴን አልሸኘሁም። አይናለም፣ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። አልጠየቅሁትም። ሳጥኗን ማየት ፈርቼ ቀረሁ። እዚህም መሞቷን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ለቅሶ ከደረሰኝ እውነት ይሆናል ብዬ። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም፤ ስልኩን ግን አንሺልኝ።

አባትሽን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለእናትሽ ናፍቆቴን ንገሪልኝ፤ ናርዲን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ውሻዋን ከሩቅ ሰላም በያት።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። እሑድ በጠዋት ማን ይሆን?

እትዬ ሮማን ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድስት ተሸክመው፣ ከኋላቸው ደረጃው በሰው ተሞልቶ። «እናትህ ሞታ ዝም? እኛ ሰው አይደለንም?» ብለው ጮኹብኝ። ማን ነገረዎት ብላቸው፣ «አይናለም ናታ! ሲያለቅስ ሰው አጠገቡ ነበር ወይ ብላ ደወለችልኝ» አሉ።

ወንበር አልበቃም፤ ይህን ስጽፍ የተቀመጥኩበትንም እየጠየቁኝ ነው።

አጎትሽ ገብረየስ
ፎረስት ፓርክ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.