የዋጥኸው የሐኪሙ ቃል

ወረታ፣ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም.

ውድ አንለይ፣

«ውድ» ያልሁህ ወድጄህ አይደለም፤ ከስድስተኛ ክፍል ሳልወጣ መምህራችን ደብዳቤ ያለ «ውድ» አይጀመርም ስላሉን ነው።

ወንድሜ መንግሥቴ አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት «እንቁላል ሰርቀህ ስትውጥ ተሰንቅሮብህ ነው» ብዬ የሳቅሁበት እኔ ነኝ። እሱም ይስቅ ነበር። ወንዛዬ ፍል ውሃ ከርሞ ሲመለስ ግን እብጠቱ ብብቱም ውስጥ ገባ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን እሱ፣ እኔና አንተ ሦስታችን ጎንደር ሄድን። ሆስፒታሉ በር ላይ እጄን ይዘህ «አይዞህ ካሴ» አልኸኝ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ቃልህ ነው።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ክር ሳለልን። «በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ የዘር ክሮች አሉ» ሲል እኔ ሕዋስ የፓርቲ መስሎኝ ልደበቅ ነበር። «በአንዲቷ ሕዋስ ሁለት ክሮች ተበጠሱና ሲቀጠሉ ጫፋቸው ተቀያየረ። ያቺ ሕዋስ መራባቷን አላቆም አለች፤ ካንሰር ሆነች።»

«ዶክተር፣ ሸማኔው ሰክሮ ነበር በሉኛ!» ስል እሱም ሳቀ።

አንተ ግን ሳትስቅ ጠየቅኸው። «ከአባቱ የመጣ ነው? ለልጅስ ይተላለፋል?»

«የለም፤ በእሱው አካል ውስጥ የተፈጠረ ስህተት ነው። ከወላጅ አልመጣም፤ ወንድሙንም አያሰጋም።»

ጠያቂው አንተ ነበርህ፣ አንለይ! እኔማ ስቀልድ ነበር።

መንግሥቴን ቀበርነው። በአርባው ዕለት አጎትህ አቶ አዛናው ወደ ዳር ጠርተው «ሐኪሙ ምን አለ?» ሲሉህ «ዘሩ ላይ ነው አለ» ብለህ ዝም አልህ። ውሸት የለውም፤ ግማሹን ግን ዋጥኸው። በእኛ አገር «ዘር» ከተባለ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር አጥተኸው ነው? በማግስቱ ልጃቸው ታይቱ ለእኔ የታጨችበትን ቃል አፈረሱ። ለጥር ለሌላ ሊድሯት ነው። ታናሽ እህቴን ጸሐይነሽንም ከእንግዲህ የሚጠይቃት የለም።

ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው።

«አንተ ቀጣፊ፣ ባለፈው ክረምት ‹ርብ ሞልቶ በሬዎን ወሰደው› ብሎ ሜዳ ለሜዳ ያስሮጠኝ ማን ነው?» አሉኝ።

እኔ እውነት ስናገር ይሳቃል፤ አንተ ዝም ስትል እንኳ ትታመናለህ።

እሁድ በታይቱ ጉዳይ ሽማግሌዎች አጎትህ ቤት ይቀመጣሉ። ናና ምን እንደጠየቅህ፣ ምን እንደተመለሰልህ ተናገር። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ዝምታ ሰው እንደሚገድል ካሳየኸኝ፣ ቃል ሲያድን ደግሞ አሳየኝ።

ካሴ