ጥለቱ ላይ የተሸመነው አድራሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2011

ሊዘጋ ነው አሉ። አርብ! ጉድ ፈላ።

ወሬውን ያመጣው አስጎብኚው ታሪኩ ነው። ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ አስቴር፣ ዌብሳይትሽ ላይ ቀይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ አይተሻል?» የምን ማየት! ዌብሳይቱን በነጻ ይሰጡን የነበሩት ፈረንጆች አገልግሎቱን ጨርሰው ሊያቆሙት ነው። ደብዳቤም ልከው ነበር አለ። ኢሜይሌን ከከፈትኩ ግን ስንት ጊዜዬ።

እዚህ ሴቻ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የሽመና ሱቅ ማን ያገኘዋል? ቱሪስቱ ስልኩን እያየ ነው የሚመጣልኝ። ያ ዌብሳይት ከመከፈቱ በፊት ዝንብ እሽ እያልኩ ነበር የምውለው።

ማክሰኞ

ሰናይት ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ግቢያችን ተከራይታ ነበር፤ ዌብሳይቱን የሠራችልኝ እሷ ናት። አሁን ሐዋሳ ነች።

ሌላ ነጻ ገጽ መክፈት ይቻላል አለች፣ ግን አድራሻው ይቀየራል። ያሁኑን አድራሻ ለማቆየት ክፍያ አለው።

«እከፍላለሁ!» አልኳት።

«በዶላር ነው እትዬ። በካርድ።»

አድራሻው ይቀየራል ስትል ትዝ አለኝ። የጋሽ ባሳ ሻርፖች!

ጋሽ ባሳ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ተራራው ላይ ኦቾሎ የሚኖር ሸማኔ። ነሐሴ ላይ አርባ ሻርፕ አዘዝኩት፣ ጫፋቸው ላይ የዌብሳይቴ አድራሻ የተሸመነባቸው። የኔው ብልጠት ነው። ፈረንጁ አገሩ ገብቶ ባንገቱ ጣል ባደረገው ቁጥር ያየኛል ብዬ! ጋሽ ባሳ የፈረንጅ ፊደል አያነብም። በትልቁ ጽፌ ሰጠሁት፣ እሱ ክር እየቆጠረ እንደ ጥለት አወጣው። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሦስቱን ተመሳሳይ ፊደሎች በጣም ነው የወደዳቸው። «ይቺ ዚግዛግ የኛው ናት፣ ማን ወሰደብን?» ብሎ አሳቀኝ።

ማታ ደወልኩለት፣ ላስቆመው። «አስቱ! ሠላሳ አምስት ደርሻለሁ። ቅዳሜ ይዤ እወርዳለሁ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «በርታ ጋሼ» አልኩት። በርታ! ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ

ሁለት ባንክ ዞርኩ። አንዱ እዚሁ፣ አንዱ ታች ሲቀላ ሰፈር። የሴቻው፣ «የዶላር ካርድ ለእርስዎ አይፈቀድም።» የሲቀላው ደግሞ፣ «ለምንድነው የሚፈልጉት እማማ?» ዌብሳይት ስለው ፈገግ አለ። እማማ! ሃምሳ እንኳን አልሞላኝም።

ገንዘቡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ እንደያዝኩት በታክሲ ተመለስኩ። መክፈል እየፈለገ የሚከለከል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ

ቢያንስ ያለውን ላትርፍ ብዬ ሲቀላ ኢንተርኔት ቤት ዋልኩ። ያወጣሁት፦

አሥራ አንድ ፎቶ (ሁለቱ ደብዛዛ)።

ጋሽ ባሳ ሸማ ሲሠራ የሚያሳየው ቪዲዮ፣ እምቢ አለ።

እንግዶች የጻፉልኝ አስተያየት። ይሄን በእጄ ደብተር ላይ ገለበጥኩት። እንግሊዝኛዬ ያው ነው፤ ግማሹን ሳይገባኝ ፊደሉን ብቻ እያየሁ ነው የጻፍኩት። አንዲት ሴትዮ «ቤቱን ለማግኘት ዌብሳይቱ ላይ ያለውን መንገድ ተከተሉ» ብላ ጽፋለች መሰለኝ። እሷን ስጨርስ መብራት ጠፋ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ አልመጣም።

አርብ

እስከ ምሳ ሰዓት ነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የለም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የታሪኩን ተቀበልኩት፤ እሱም ላይ የለም።

ማንን ልሳደብ? ቢሮ የለው፣ በር የለው፣ የምጣላው ዘበኛ እንኳን የለው። አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ቅዳሜ

ጋሽ ባሳ መጣ። አርባውንም ጨርሷል። ሳይቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አቤት ማማራቸው! ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ነጥቧ እንኳን በቦታዋ። እያንዳንዱን ባነሳ ቁጥር ፊቴን ያየኛል።

ከዚህ በላይ ማስመሰል አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይሄ ጽሑፍ ከእንግዲህ አይሠራም። ሰው ቢከተለው እኛ ጋ አያደርስም» አልኩት።

አንዱን ሻርፕ ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ሄደ። የነሐሴውን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ሊቀደድ ደርሷል። ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» አለኝ። «አሳዪኝና ፈትቼ ልሥራው።»

«ጋሼ፣ አንተ አልሳትክም» አልኩት።

አላመነኝም። አሁንም በሩ ላይ ነው፣ ሁለተኛውን አንስቶ ይቆጥራል።