ጤነኛ ዓሣ ይቅረብ ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለውሃ ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የናሙና መቀበያ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ላቆሙኝ ጸሐፊዎም ጭምር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ በኮሌጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት የዓሣን ጉበትና የሚተነፍስበትን ስንጥብ በስሱ እየቆረጥኩ፣ ቀለም ውስጥ እየነከርኩ በማይክሮስኮፕ የማይ ቴክኒሽያን ነኝ። ወንዛችን ዳር ካለው ፋብሪካ የፍሳሽ ቱቦ በታች የተጠመዱ ዓሦችን ከነሪፖርታቸው ደጋግሜ አምጥቼልዎታለሁ። ሪፖርቱ ቢጸድቅ በወንዙ ዳር አንድ ሰሌዳ ይተከላል፤ ሰሌዳውም ዓሣውን ለጊዜው አትብሉ ይላል። የምፈልገው ይህንኑ አንድ ሰሌዳ ነው። በዚህም መንገድ ላይ ያጋጠሙኝን ጥቃቅን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፦ የመጀመሪያው ናሙናዬ የተመለሰው፣ በመመሪያው መሠረት ለምርመራ የሚቀርብ ዓሣ «ጤነኛ፣ ንቁና ጉድለት የማይታይበት» መሆን ስላለበት ነው። የእኔዎቹ ስንጥባቸው አብጦ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ አየር ፍለጋ አፋቸውን ከውሃው በላይ የሚከፍቱ ስለነበሩ ቅጹ ላይ «ብቁ ያልሆነ ናሙና» ተብሎ ተጻፈባቸው። መታመማቸውን ላሳይ ያመጣኋቸው ዓሦች ስለታመሙ ተመለሱ ማለት ነው። የዚህን ጥበብ ለመረዳት እኔ ሳምንት ፈጀብኝ፤ እርስዎ በአንድ ፊርማ ጨረሱት።

፪ኛ፦ ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ፣ ጤነኛ ዓሣ ከቱቦው በላይ ካለው ውሃ እንደማላጣ በደግነት መከሩኝ። ደክሞኝ ስለነበር ምክርዎን ሰማሁ፤ እውነትም ጤነኞች ነበሩ። ያን ናሙና በዕለቱ ተቀብለው፣ በማግስቱ ወንዙ ንጹሕ ነው የሚል ማስታወቂያ በየሰፈሩ አስለጠፉ። እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅምና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ ቀጣዩን ሪፖርት ሳይንስ በዛበት ብለው መለሱልኝ። እንግዲህ በቀላሉ ላስረዳዎ። በዓሣው ሕዋስ ውስጥ ዚንክ ተቀምጦ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለ። ከፋብሪካው የሚመጣው ካድሚየም የተባለ ብረት ያን ቦታ ይይዛል፤ ከያዘም በኋላ ሥራውን አይሠራም፣ የሚሠራውንም አያስጠጋም። ይህን ስጽፍ ስለ ዓሣ ብቻ እየተናገርኩ መሆኔን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ከዚያ የጉበቱ ሕዋሳት ውስጣቸው ይቦረቦራል፤ የደሙ ሕዋስ አስኳል ይሰበርና ፍርፋሪው ለብቻው ተነጥሎ ይቀራል። እነዚያን ፍርፋሪዎች ስቆጥር ውዬ ዓይኔ ቀልቶ ቤቴ እገባለሁ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓሣው ተከፍቶና ታጥቦ ገበያ ሲቀርብ ምንም አይታወቅበትም።

፬ኛ፦ አራተኛውን ለምን እንደመለሱት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ እንደ ልማዴ በዝምታ በዋጥኩት ነበር። ነገር ግን ታናሽ እህቴ የምትኖረው ከቱቦው በታች ባለው ሰፈር ነው፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። ለፅንሱ ይጠቅማል ስለተባለች በሳምንት ሦስት ቀን ዓሣ ትበላለች። ውጤቱ ሳይጸድቅ ለማንም እንዳልናገር የፈረምኩትን ወረቀት ጥሼ፣ ባለፈው እሑድ ወጥ ቤቷ ድረስ ሄጄ እባክሽ አትብዪ ብዬ ለመንኳት። ሳቀችብኝ። ሥራዬ ሆኖ በሁሉም ነገር ላይ በሽታ እንደሚታየኝ፣ ክፉ ነገር ቢኖር መሥሪያ ቤቱ ዝም እንደማይል፣ ደግሞስ ንጹሕ ነው ብሎ በራቸው ላይ ለጥፎ የለም ወይ ብላ ድስቷን ማማሰል ቀጠለች። ለዚያ ማስታወቂያ ናሙናውን ያቀረብኩት እኔው መሆኔን ሳልነግራት ወጣሁ። በእርስዎ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ አፈርኩ። የእናቴ ልጅ ከእኔ ቃል ይልቅ የእርስዎን ዝምታ ታምናለች።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ደብዳቤው በጋዜጣ የወጣው በመዝገብ ቤታችሁ በኩል ቢመጣ መንገድ እንዳይጠፋበት በመስጋት ብቻ መሆኑን አሳውቃለሁ።

ለመሥሪያ ቤቱ ያላት አክብሮት ገና ተሟጦ ያላለቀ፣
የላቦራቶሪ ቴክኒሽያኗ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሌዳውን ዛሬ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር በወንዙ ዳር ተክለነዋል። በእኔ ስም የሚያምን ስለሌለ ከሥሩ የጻፍኩት የቢሮዎን ስልክ ነው። የመጀመሪያዋ ደዋይ እህቴ ትሆናለች። ዓሣውን ልብላ ወይ ብላ ስትጠይቅዎ የሚሉትን ሁሉ ታምናለችና፣ እባክዎ ተጠንቅቀው ይመልሱላት።